የወደቀ ዘውድ ፈረሶች

ዘውድ ሲወድቅ ግዑዝ ንብረቱን ማስቀመጥ ከባድ ሥራ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ መሥሪያ ቤት ይሆናል፤ በትረ መንግሥቱና ካባው በመስታወት ሣጥን ይቆለፍባቸዋል፤ በወርቅ ያጌጠው ሠረገላ ወደ ሙዚየም ይገፋና ትኬት ቆርጦ የገባ ሁሉ ዙሪያውን እየዞረ ያየዋል። ሠረገላ ገብስ አይበላም። ፈረስ ግን ይበላል። ይወልዳል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ማለዳ ማለዳ ጋጣው ይጠረግለት ዘንድ ይሻል። ደግሞም ጌታው ንጉሠ ነገሥት ይሁን ፕሬዚዳንት ለይቶ አያውቅም።

በኦክቶበር 1918 ቼኮስሎቫኪያ የምትባል አዲስ ሪፐብሊክ ስትመሠረት ይህ ችግር ከሌሎች ብዙ ችግሮች ጋር በእጇ ላይ ወደቀ። (የውጭው ታሪክ ዘመናት ሁሉ እዚህ የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በላቤ ወንዝ ዳር፣ ጀርመኖች ኤልባ በሚሉት፣ ክላድሩቢ በተባለች የቦሂሚያ መንደር ውስጥ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ለአንድ ቤተሰብ፣ ለሀብስቡርግ ነገሥታት ብቻ፣ ሲረቡ የኖሩ ፈረሶች ነበሩ። ግማሾቹ ነጭ፣ ግማሾቹ ጥቁር። ነገሥታቱ ሄዱ፤ ፈረሶቹ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈን።

ስለ ፈረሱ ዓይነት ጥቂት እንበል። አውሮፓውያን ፈረሶቻቸውን በደም ይመድባሉ፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ከሰውነት ሙቀት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ስለ ጠባይና ስለ ትውልድ የሚነገር ዘይቤ ነው። ማረሻና ከባድ ጋሪ የሚጎትተው ግዙፍና ዝግተኛ ፈረስ ባለ ቀዝቃዛ ደም ይባላል። የዓረብና የእንግሊዝ የእሽቅድድም ፈረስ፣ ነካ ሲያደርጉት የሚበረግገው፣ ባለ ትኩስ ደም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ጉልበትንም ቅልጥፍናንም በልክ የያዘው፣ ለብ ያለ ደም አለው ይሉታል። የክላድሩቢ ፈረስ ከዚህ ከመካከለኛው ወገን ነው። በወገኑ ውስጥ ግን እንግዳ ነገር ነው፤ ዘመዶቹ ባለፉት መቶ ዓመታት ለዝላይና ለስፖርት ሲባል ቀጠን፣ ረዘም፣ ፈጠን እንዲሉ ተደርገው ሲሠሩ እርሱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መልኩ ቆሟል።

መልኩ ይህን ይመስላል። ከትከሻው ሲለካ ከ165 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። አንገቱ ወፍራምና ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ያለው መስመር እንደ ሌሎች ፈረሶች ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ አውራ በግ ፊት ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። በዛሬ ዓይን ለሚያይ ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን የውበት ሁሉ ዳር ይህ ነበር፤ በዘመኑ ሥዕሎች ነገሥታት ተቀምጠውባቸው የምናያቸው ፈረሶች ሁሉ ይህ ፊት አላቸው። ሲራመድ የፊት ጉልበቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያነሣል፤ ለአፍታ በአየር ላይ የያዘው ይመስላል፤ ከዚያ ያሳርፈዋል። በዚህ አረማመድ ብዙ መንገድ አይኬድበትም። ለመሄድ አልተሠራምና። ለመታየት ነው የተሠራው። ሙያውም በስሙ ይታወቃል፤ ጋላካሮሲዬ ይሉታል፤ የክብረ በዓል ሠረገላ ጎታች ማለት ነው።

መነሻው ስፔን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ከስፔንና ከኢጣሊያ፣ በተለይም ከናፖሊ የሚመጣ ፈረስ ከሌለ ቤተ መንግሥት አይባሉም ነበር። የሀብስቡርጉ ማክሲሚሊያን ዳግማዊ ከፐርንሽታይን መሳፍንት የፓርዱቢትሰን ርስት ሲገዛ ክላድሩቢ ከርስቱ ጋር መጣችለት፤ ከስፔን ያስመጣቸውን ፈረሶችም በዚያ አሰማራ። ልጁ ሩዶልፍ ዳግማዊ በ1579 ቦታውን በይፋ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት የፈረስ ማርቢያ አደረገው። ይህ ሩዶልፍ ፕራግ ላይ ተቀምጦ ኮከብ ቆጣሪና ወርቅ አንጣሪ ነን ባዮችን፣ ሠዓሊዎችንና የፈለክ ተመራማሪዎችን በዙሪያው የሰበሰበ፣ መንግሥት ከማስተዳደር ይልቅ ብርቅ ነገር ማከማቸት የሚወድ ሰው ነበር። ካከማቸው ብርቅ ነገር አብዛኛው በጦርነት ተዘርፎ ተበታተነ። ፈረሶቹ ግን ዛሬም ይወልዳሉ።

መሬቱም ለፈረስ የተፈጠረ ነው ለማለት ያስደፍራል። ሜዳ ነው፤ አፈሩ ከወንዝ ደለልና ከአሸዋ የተደባለቀ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ሲያጥለቀልቀው የቆየው መስክ ሣር አይነጥፍበትም። በዚያ ላይ ሰው ግራና ቀኙን ዛፍ የተከለባቸው ረጃጅም ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ቀየሰበት። የዛፎቹ መደዳ ለጥላ ወይም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ስምንት ፈረስ የተጠመደበትን ሠረገላ በቀጥታ መስመር መንዳት የሚለማመዱት በዚያ ነው።

በ1757፣ የሰባት ዓመቱ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ ክላድሩቢ በእሳት ወደመች። መንጋው ከእሳቱ ተርፎ ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር ወደ ኮፕቻኒ ተሰዶ ነበር። የትውልዱ መዝገብ ግን ተቃጠለ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ ሰው የዚህን ክብደት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ለሁለት መቶ ዓመታት ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛዋ ባዝራ ከየት እንደመጣች፣ የትኛው ድንጉላ ምን ዓይነት ልጅ እንደሰጠ የተመዘገበው ሁሉ አመድ ሆነ። ከዚያ በፊት ስላለው ትውልድ የቀረው ብቸኛ ሰነድ የፈረሶቹ ገላ ነው።

ወደ ኋላ ላይ፣ በዮሴፍ ዳግማዊ ዘመን፣ መንጋው ወደ ክላድሩቢ ተመለሰ፤ መዝገቡም እንደገና ተከፈተ። የነጮቹ ሐረግ የሚጀምረው በ1764 ከተወለደው ከኢጣሊያዊው ድንጉላ ከፔፖሊ ነው። ፔፖሊ ኢምፔራቶሬን ወለደ፤ ኢምፔራቶሬም በ1787 ጄኔራሌን ወለደ፤ ጄኔራሌም በ1797 ጄኔራሊሲሙስን ወለደ። ዛሬ ክላድሩቢ ውስጥ ያሉ ነጭ ድንጉላዎች የነዚያን የሁለቱን አያቶች ስም እየወረሱ ይጠሩበታል፤ እያንዳንዱ ድንጉላ የመሥራቹን ስም ከነሐረጉ ተሸክሞ ይዞራል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ፈረሱ ስሙን ለሰው ያበድር ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለው የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው፤ የእነዚያ ፈረሶች የትውልድ ሐረግ ግን አልተጻፈልንም። ስሙ ቀረ፣ ደሙ ጠፋ። ክላድሩቢዎች ስሙንም ደሙንም በአንድነት ይዘው ለማቆየት የደከሙ ሰዎች ናቸው።

ሌላም ነገር እናንሣ። ስመ ጥር የሆነው የሊፒትሳ ፈረስ፣ በቪየና የግልቢያ ትምህርት ቤት በሁለት እግሩ እየቆመ ዓለምን የሚያስደንቀው፣ ከስድስቱ ጥንታዊ የዘር ሐረጎቹ ሁለቱ፣ ማኤስቶሶና ፋቮሪ፣ ከክላድሩቢ መንጋ የወጡ ናቸው። ታናሽ ወንድሙ እንዲያ ሲታወቅ ታላቁን ከቦሂሚያ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህን ብድር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የክላድሩቢ ሰዎች ሁለቱን ቀለም ለይተው ማርባት የያዙት በሥርዓቱ ምክንያት ነው። ነጩ የቤተ መንግሥት ነው፤ ንግሥና ሲሆን፣ ሠርግ ሲሆን፣ እንግዳ ንጉሥ ሲመጣ ይወጣል። ጥቁሩ ለከፍተኛ የቤተ ክርስቲያን አባቶችና ለሐዘን ነው። ዛሬ ቪየና ሾንብሩን በሚገኘው የሠረገላ ሙዚየም ውስጥ የቆመው ትልቁ የንጉሠ ነገሥት ሠረገላ ወደ 4,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ስምንት ነጭ ፈረሶች ይጠመዱለት ነበር፤ እርምጃቸውም የእግረኛ እርምጃ ነው፤ ከዚያ በላይ ይፍጠን ቢባልም አይችልም። እዚያው ሙዚየም ውስጥ ጥቁሩ የሬሳ ሠረገላ አለ። አልጋ ወራሹ ሩዶልፍ በ1889፣ እቴጌ ኤልሳቤጥ በ1898 የተሸኙት በዚያ ነው። በኖቬምበር 1916 ደግሞ ለስልሳ ስምንት ዓመታት የነገሠውን ፍራንስ ዮሴፍን ስምንት ጥቁር ፈረሶች በዚያው ሠረገላ ይዘውት ሄዱ። ጦርነቱ ተፋፍሟል፤ ቪየና እንጀራዋን በራሽን ትበላለች። በመንገዱ ዳር ቆሞ ያየ ሰው አንድ ሽማግሌ ሲቀበር እንጂ አንድ ግዛት ሲቀበር እያየ መሆኑን ገና አላወቀም ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። ግዛቱ ፈረሰ። ክላድሩቢም በአዲሲቱ ሪፐብሊክ ወሰን ውስጥ ተገኘች።

አዲሶቹ ባለሥልጣናት ፈረሶቹን እንዴት እንዳዩአቸው መረዳት አያዳግትም። ቼኮች ከሀብስቡርግ አገዛዝ ለመላቀቅ ብዙ ደክመዋል፤ ሐውልት እየተነቀለ፣ የንስር ምልክት ከየግድግዳው እየተፋቀ ነው። ታዲያ ማረሻ የማይስብ፣ በእሽቅድድም የማያሸንፍ፣ ጦር ሜዳ የማይውል፣ ሥራው ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱን ትልቅነት ማሳየት ብቻ የሆነ ፈረስ በመንግሥት ገንዘብ የሚቀለበው ለምንድን ነው? ጥያቄው ከንቱ ጥያቄ አልነበረም፤ ድሃ አገር ሊጠይቀው ይገባል። መልሱ ነው ያሳዘነን። ነጩ መንጋ እንዲቆይ ተደረገ። ጥቁሩ መንጋ ግን በ1930ዎቹ ተሸጠ፤ አብዛኛውም በሥጋ ቤት ተጠናቀቀ።

አንዱ ቀለም ተርፎ አንዱ ለምን እንደ ጠፋ ስናስብ የሚመጣብን ነገር አለ። በክላድሩቢ ነጭ ሆኖ የሚወለድ ፈረስ ከሞላ ጎደል የለም። አምባላዩ ሲወለድ ጥቁር ወይም ዳማ ነው። ዓመት ሲጨምር ሽበት ይገባበታል፤ መጀመሪያ ሐመልማል፣ ቀጥሎ ጠቃጠቆ፣ በመጨረሻ በረዶ ይመስላል። ከነጩ ጠጉር ሥር ያለው ቆዳ እስከ ዕለተ ሞቱ ጥቁር ነው። እንግዲህ በአንድ የጸደይ ማለዳ በሜዳው ላይ ውርንጭሎች ከእናቶቻቸው ጋር ሲፈነጩ ልምድ የሌለው ሰው ቢያይ የትኛው የሪፐብሊኩ ጌጥ እንደሚሆን፣ የትኛው ደግሞ ወደ ቄራ እንደሚነዳ መለየት አይቻለውም ነበር።

በእኛም አገር በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ ያየ ትውልድ፣ ከሰውዬው ጋር ስንት ነገር አብሮ እንደወጣ ያውቃል። ሥርዓት ሲፈርድ ሰውን ከዕቃው፣ ዕቃውን ከሙያው ለይቶ አይፈርድም። የፈረስ ኃጢአት ምንድን ነው? ጉልበቱን ከፍ አድርጎ መራመዱ ነው?

እዚህ ላይ ፍራንቲሼክ ቢሌክ የሚባል ሰው ይመጣል። የፈረስ ሊቅ፣ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። በ1938 ጥቁሩን መንጋ እንደገና ለማቋቋም ተነሣ። ዓመቱን ልብ ይሏል። በሴፕቴምበር ወር ሙኒክ ላይ ታላላቆቹ መንግሥታት ተሰብስበው የቼኮስሎቫኪያን ዳር ድንበር ለሂትለር የሰጡበት ዓመት ነው፤ በሚቀጥለው መጋቢት የቀረውም ተያዘ። አገር ሲጠፋ ፈረስ ማዳን ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ሰውየውን ስናስበው ሊያድነው የሚችለውን ነገር ለይቶ ያወቀ ሰው ሆኖ ይታየናል። ሙኒክን መቀልበስ አይችልም። ጥቁር ባዝራ መፈለግ ግን ይችላል።

ፈለገም። ከቄራው ያመለጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ችግሩም በቍጥሩ ብቻ አላበቃም። ጥቂት እንስሳት ካሉህና እርስ በርሳቸው ብቻ ካዋለድካቸው ዘመድ ከዘመዱ ይጋባል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ መካንነትና ድካም ይገባል። ከውጭ ደም ካስገባህ ደግሞ የምታድነው ፈረስ በእጅህ ላይ ሌላ ፈረስ ይሆናል። አንደኛው መንገድ ዘሩን ንጹሕ አድርጎ ይገድለዋል፤ ሁለተኛው አሕይቶ ይለውጠዋል። በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ እጅግ ቀጭን ናት፤ ፍጥነትም አትወድም። ባዝራ አሥራ አንድ ወር አርግዛ አንድ ውርንጭላ ትወልዳለች፤ ውርንጭላውም ወንድ ሊሆን ይችላል፤ መልኩ የማይፈለግ ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ፈረስ ዘር ደግሞ ዘግይቶ የሚጎለምስ ነውና ዋጋውን ለማወቅ ዓመታት መጠበቅ ግድ ነው።

የተመረጠው መንገድ የተረፈውን ጥቁር ደም መሠረት አድርጎ ከውጭ የሚገባውን ከዘመድ መሻት ነበር። ብድሩን እንመለስበታለን ያልነው ለዚህ ነው። ሲግላቪ ፓክራ የተባለ የሊፒትሳ ድንጉላ ወደ መንጋው ገባ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከክላድሩቢ ወጥቶ ለሊፒትሳ የተሰጠው ደም በሁለት መቶ ዓመቱ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ ደግሞ ከሆላንድ ፍሪስላንድ ሮምከ የተባለ ጥቁር ድንጉላ መጣ። የፍሪስላንድ ፈረስ እርሱ ራሱ ከሞት የተመለሰ ነው፤ በ1913 በመዝገቡ ላይ የቀሩት ድንጉላዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ከገደል አፍ የተመለሰ ለሌላው እጁን ዘረጋ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1945፣ ለጥቁሮቹ የራሳቸው ማርቢያ ተሰጣቸው፤ ስላቲንያኒ ትባላለች፤ እዚያው በፓርዱቢትሰ አካባቢ ያለች፣ የአውወርስፐርግ መሳፍንት ግንብ የነበረባት ከተማ። ሌላ ሹመኛ ቢሆን ግንቡን የእህል መጋዘን ያደርገው ነበር፤ ቢሌክ ግን በውስጡ የፈረስ ታሪክ ሙዚየም አቋቋመበት። ጥቁሩ ዘር እንደገና ቆሟል ተብሎ የተነገረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ወስዷል። ለማጥፋት ጥቂት ዓመት በቂ ነበር።

የሬሳ ሠረገላውን ነገር ደግሞ አስቡት። በኤፕሪል 1989 የመጨረሻዋ የኦስትሪያ እቴጌ ዚታ በቪየና ስትቀበር ያ ጥቁር ሠረገላ ከሙዚየም ወጣ፤ አቧራው ተራገፈለት፤ ከሰባ ሦስት ዓመት በኋላም እንደ ትናንቱ ሄደ። ዕቃ እንዲህ ነው፤ መተው ይቻላል፤ ተመልሶ ይነሣል። ዘር ግን አንድ ትውልድ ከተዘለለ የሚነሣ ነገር የለውም።

አንድ ጥያቄ ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ዛሬ ስላቲንያኒ ላይ የሚታየው ጉራቻ ፍራንስ ዮሴፍን የቀበረው ፈረስ ነውን? የደም ቆጠራ የሚወድ ሰው አይደለም ሊል ይችላል፤ የሊፒትሳ አለበት፣ የፍሪስላንድ አለበት። እኛ የምናስበው በብራና መጻሕፍት አምሳል ነው። አንድ ድርሳን ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የመጀመሪያው ብራና ስለ ተረፈ አይደለም፤ ጸሐፊው ከጸሐፊው እየገለበጠ ነው። አንዱ ቅጂ ቢቃጠል፣ ቅጠሎቹ ቢጎድሉ፣ ሌላ ገዳም ካለ ቅጂ ይሞላል፤ የእጅ ጽሑፉ ይለያያል፣ አንዳንድ ቃል ይለወጣል፣ ድርሳኑ ግን ያው ድርሳን ነው። ሆኖም የሚሞላው ሰው ድርሳኑን በሚገባ ያነበበ፣ አገባቡን ያወቀ ሊሆን ይገባል፤ አለበለዚያ ደርሶበት የሚያድረው ሌላ መጽሐፍ ነው። ቢሌክ በሚገባ ያነበበ ሰው ይመስለናል። ያ የጎበጠ ፊት፣ ያ ቀጥ ያለ አንገት፣ ያ በአየር ላይ የሚዘገይ ጉልበት ዛሬም አለ። ነጮቹስ ቢሆኑ ከውጭ ደም መች ነጹ? ሩዶልፎ የሚባል የፖርቱጋል ድንጉላ ለእነርሱም የራሱን ሐረግ ጨምሯል። ንጹሕ ዘር የሚባለው ነገር፣ በፈረስም ይሁን በሌላ፣ መዝገቡ ሳይቃጠል በፊትም የነበረ አይመስለንም።

በሶሻሊስቱ ዘመን የክላድሩቢ ፈረሶች የመንግሥት እርሻ ንብረት ሆኑ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ማለት አያሻም፤ የንጉሠ ነገሥት ሠረገላ ጎታች ሥራው ምንድን ነው ሲባል የእርሻ ጋሪ መሳብም ይችላል ተብሎ ተመለሰ፤ ሳበም፤ ከዕለት ወደ ዕለት ተረፈ። ሥርዓቱ በ1989 ወደቀ፤ አገሪቱ በ1993 ለሁለት ተከፈለች፤ ፈረሶቹ ለቼክ ሪፐብሊክ ደረሱ። በ2002 ክላድሩቢ ከነመንጋዋ የብሔራዊ ባህል ቅርስነት ማዕረግ አገኘች፤ በጁላይ 2019 ደግሞ ዩኔስኮ ባኩ ላይ ባደረገው ጉባኤ መስኩን፣ ጎዳናውን፣ ጋጣውንና ቤተ ክርስቲያኑን በአንድነት በዓለም ቅርስ መዝገብ አሰፈረ። የተመዘገበው ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ፈረስን ለክብረ በዓል ሠረገላ የማርባትና የማሠልጠን ጥበብ የቀረጸው መልክዓ ምድር ነው። መልክዓ ምድሩ ያለ ፈረሱ ዝም ብሎ ሜዳ ነው፤ ይህን መዝጋቢዎቹም ሳይረዱት አልቀሩም።

አሁን በክላድሩቢ ወደ 250 የሚጠጉ ነጮች፣ በስላቲንያኒም ከዚያ ብዙ የማይርቅ ቍጥር ያላቸው ጥቁሮች አሉ፤ በግለሰቦች እጅ ያሉትም ይጨመሩ። ለአንድ ዘር ይህ ጥቂት ነው። አንድ ክፉ ወረርሽኝ፣ አንድ ቆጣቢ ሚኒስትር ይበቃዋል። ስለዚህ ክርክሩ ዛሬም ያው ነው፤ ዘገምተኛ ፈረስ ለማን ይጠቅማል? ቅርስ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ብቻውን አያዘልቅም፤ ሥራ የሌለው እንስሳ መጨረሻው ሥዕል መሆን ነው። ደግነቱ ሥራ ተገኝቶለታል። በሠረገላ ውድድር ይገባል። ፖሊሶች ይቀመጡበታል፤ ጩኸትና ሕዝብ የማያስደነግጠው መሆኑ፣ ለንጉሥ አጀብ ተብሎ የተሠራው ጠባይ፣ ለሰላማዊ ሰልፍ ጥበቃ ጠቀመ። ነገሥታት ደግሞ አሁንም አላለቁም።

ዴንማርክ በአንድ ወቅት የራሷ ነጭ የሠረገላ ፈረሶች ነበሯት፤ ከፍሬድሪክስቦርግ ማርቢያ የሚወጡ፣ በአውሮፓ ሁሉ የተመሰገኑ። ዴንማርካውያን ቸል አሏቸው፤ ማርቢያው በ1871 ተዘጋ፤ መንጋውም ተሸጠ፤ ያ ነጭ ሐረግ ጠፋ። ዛሬ በኮፐንሃገን የንጉሡን ሠረገላ የሚስቡት አምባላዮች ከክላድሩቢ ዘር ናቸው። ንጉሥ የሌላት አገር ንጉሥ ላላት አገር ፈረስ ታረባለች።

በጃንዋሪ 4 ቀን 2024 ንግሥት ማርግሬተ፣ ዙፋኗን ልትለቅ አሥር ቀን ሲቀራት፣ በ1840 በተሠራው የወርቅ ሠረገላ ከአማሊየንቦርግ ወደ ክሪስቲያንስቦርግ ሄደች። ብርድ ነበር። ስድስት ነጭ ፈረሶች ተጠምደዋል፤ ግራና ቀኝ ፈረሰኛ ዘብ አለ። በዚያ ወር አጋማሽ ልጇ ፍሬድሪክ ነገሠ። ፈረሶቹ በክሪስቲያንስቦርግ ጋጣቸው ውስጥ፣ በዚያው ገለባ ላይ፣ በዚያው ሰዓት መኖ ይቀርብላቸው ነበር።